የተፈጥሮ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሄምሎክ ያጣው የሄምሎክ ደን

በቨርጂኒያ የሚገኘው የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የተፈጥሮ ክበብ ዘንድሮ የተከታተለው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሊምበርሎስት በተባለው ስፍራ የነበረው የሄምሎክ ደን ነው። ከብዙ መነካካት አንዱን ጠንቅቆ ማወቅ ይሻላል ብዬ የወሰንኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ቅር ያላችሁ አባላት ወቀሳችሁን ለእኔ አድርሱ።

ሄምሎክ አጫጭርና ጠፍጣፋ ቅጠሎቹ በስተሥራቸው ሁለት ነጫጭ መስመሮች ያሏቸው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልም የተራራ ዛፍ ነው። ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ስሙን የሚጋራውን መርዛማ ተክል አስቀድመው ስላገኙ፣ የመጀመሪያው ስብሰባችን ሁለቱን በመለየት አለቀ። ዛፉ በሌሎች ጥላ ሥር ለአሥርተ ዓመታት ታግሦ ያድጋል፤ ካደገ በኋላ ግን የራሱ ጥላ እጅግ ስለሚጠቁር በሙቀት ወራት የጅረቶቹን ውሃ ያቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደው ብሩክ ትራውት የተባለው ዓሣም በዚህ ይጠቀማል። የረገፈው ቅጠሉ ቀስ ብሎ የሚበሰብስና አፈሩን አሲዳማ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ከሥሩ የሚበቅለው ይህን የሚችል ተክል ብቻ ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 ከመቋቋሙ በፊት አዲ ፖሎክ የተባሉ ሴት ገንዘብ ከፍለው የሊምበርሎስትን ታላላቅ ሄምሎኮች ከመጥረቢያ አትርፈዋል። ከመጥረቢያ የተረፈውን ግን ከጃፓን የመጣ ተባይ ፈጀው። ሱፍ የመሰለ ነጭ ልብስ የሚለብሰው ይህ አደልጂድ የተባለ ነፍሳት፣ ቁመቱ ከሁለት ሚሊሜትር የማይበልጥ ሲሆን በቅጠሉ መነሻ ተጣብቆ የዛፉን ስንቅ ይመጥጣል፤ እዚህ አገር ያሉት ሁሉ ሴቶች ስለሆኑና ያለ ወንድ ስለሚባዙ፣ አንዷ ብቻዋን መንጋ ታፈራለች። እ.ኤ.አ. በ1951 በሪችመንድ አካባቢ ታየ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ሸናንዶዋ ደረሰ፤ ከዚያም የፓርኩን ሄምሎኮች አብዛኛዎቹን ገደለ። የተረፉትን የፓርኩ ሠራተኞች በመድኃኒት ይንከባከባሉ።

የመጀመሪያው ጉዟችን በጉም ምክንያት ከንቱ ቀረ። በሰኔው ጉዞ ግን ተራራ ላውረል የተባለው ቁጥቋጦ አብቦ ጠበቀን፤ በወደቁት ግንዶች ላይም ቢጫ በርች የተባለው ዛፍ ሥሩን ሰድዶ ሲያድግ አየን። ጥላው በመነሣቱ ብርሃን ወዳድ የሆኑ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ቦታውን እየያዙት ነው።

ከፓርኩ ተክል መቁረጥ ስለማይፈቀድ ያየነውን በሥዕል መዘገብን። ለሄምሎክ አማርኛ ስም ሲፈለግ «የፈረንጅ ጥድ» የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ አንዲት የተማሪ እናት ግን ስሙ አገር ቤት ባለቤት እንዳለው ስላስታወሱን፣ በሥዕሎቹ ግርጌ «ሄምሎክ» ብለን ጻፍን።