ቻናል 9ን እንደ እድራችን እንቁጠረው፤ ለሁለተኛ ጊዜ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በሲያትልና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቻችን በሙሉ፤

የከተማችንን የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቻናል 9ን ለመርዳት የቆመው የቴሌቪዥን ድጋፍ ኮሚቴያችን በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. ባቀረበው የመጀመሪያ ጥሪ 20,000 ዶላር ለማሰባሰብ አቅዶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዛሬ በሒሳባችን ውስጥ ያለው 8,640 ዶላር ነው። ትልቁን ተስፋ የጣልንበት የቅዳሜ ኅዳር 13 የእራት ምሽት ሁለት ቀን ሲቀረው የአዳራሹ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ በመበላሸቱ ተሰረዘ፤ ሰኞ ጾመ ነቢያት ይገባ ስለነበር ወደሚቀጥለው ሳምንት ማሸጋገርም አልተቻለም። ከዚያ ወዲህ መዋጮው እየቀዘቀዘ ሄዶ ባለፈው ወር የገባው ገንዘብ የአሥራ አንድ ሰዎች ብቻ ነው። ደክሞናል፤ ነገር ግን የጀመርነውን ጥለን መበተን ስላልሆነልን ይህን ሁለተኛ ጥሪ ጽፈናል።

መክፈል ለምትፈልጉ አስቀድመን እንናገር፤ የሒሳቡ ስምና የዜል (በባንክ በኩል ገንዘብ መላኪያው) አድራሻው በአባልነት ካርዳችሁ ጀርባ ታትሟል። ከእርሱ ሌላ የምንጠቀምበት ሒሳብ የለም።

ቻናል 9 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1954 ስርጭት ሲጀምር ስቱዲዮው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር፤ የተነሣውም የንግድ ጣቢያው ኪንግ ቴሌቪዥን በለገሰው መሣሪያ ነው። ገና ከጅምሩ ሰው ሰጥቶት የቆመ ጣቢያ መሆኑን ልብ በሉልን። እኛ በሱዳን በኩል ተሰደን ወደዚህ ከተማ መግባት በጀመርንባቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዓመታት ጣቢያውም ወደ ሲያትል ሴንተር ተዛወረ፤ በ1987 ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ተለይቶ የማኅበረሰብ ጣቢያ በመሆን ራሱን ቻለ። ኬሲቲኤስ የሚለውን የቆየ መጠሪያውን ትቶ ካስኬድ ፒቢኤስ የተባለው በ2024 ነው፤ ለእኛ ግን አሁንም ቻናል 9 ነው።

ይህን የምጽፈው የኮሚቴው ጸሐፊ ስለ ራሴ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። እኔና ባለቤቴ በሲያትል ሬኒየር ቫሊ ሰፈር በሁለት ክፍል ቤት ስንኖር እርሷ የሌሊት፣ እኔ የቀን ፈረቃ እንሠራ ነበር። ልጆቻችን የእንግሊዝኛ ፊደል የቆጠሩት፣ ቁጥርም የተማሩት በዚያ ሳጥን ፊት ተቀምጠው ነው። ቢል ናይ ሳይንስ የሚያስተምርበትን፣ ከ1993 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በመላ አሜሪካ ይታይ የነበረውን ፕሮግራም ሲያዩ እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ በዚሁ ጣቢያ እንደሚዘጋጅ አናውቅም ነበር። ታላቋ ልጄ ዛሬ ነርስ ናት። ለዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርት ከእኛ ቤት አንድ ዶላር እንኳ አልተከፈለም፤ የሚከፍሉልን ሌሎች ነበሩ።

የሚከፍሉልን እነማን ነበሩ? የሕዝብ ቴሌቪዥን አሠራር ከእድር ብዙ አይርቅም። ጣቢያው የሚኖረው በየወሩ ጥቂት ጥቂት በሚያዋጡ አባላቱ፣ በድርጅቶች ስጦታና በፌደራል ድጎማ ነበር። የልጆቹንም ሆነ የዜናውን ፕሮግራም ከአገር አቀፉ የሕዝብ ቴሌቪዥን ድርጅት ከፒቢኤስ በነጻ አያገኝም፤ እንደማንኛውም የአገሪቱ አባል ጣቢያ ድርሻውን ይከፍላል። በዚህ ላይ በሲያትል ካፒቶል ሂል ሰፈር ያለው የማሰራጫ ማማ ወጪ አለ፤ የቴክኒክ ሠራተኞች ደመወዝ አለ፤ በያኪማ ከተማ ያለው እህት ጣቢያም የሚተዳደረው ከዚሁ ማጀት ነው። እድር ግን አባል ላልሆነው ቀባሪ አይልክለትም፤ ቻናል 9 ከከፈለውም ካልከፈለውም ቤት እኩል ይገባል፤ በአንቴና ለሚያየው ሰው ወርኃዊ ሒሳብ አይልክም። ከድንበር ማዶ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚኖሩ ካናዳውያን እንኳ ለዚህ ጣቢያ ሲያዋጡ ዓመታት አልፈዋል። እኛ ማማው ከሚታይበት ሰፈር እየኖርን ከመዋጮው ርቀን መቆየታችን ሊያሳስበን ይገባል።

ከእነዚህ ምሰሶዎች አንዱ ባለፈው ክረምት ወድቋል። ኮንግረሱ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ራዲዮና ቴሌቪዥን አስቀድሞ የመደበውን የሁለት ዓመት 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘው፤ በ1967 በወጣው ሕግ መሠረት ተቋቁሞ ይህን ድጎማ ያከፋፍል የነበረው ኮርፖሬሽንም ሥራውን ለመዝጋት ተገደደ። ለእኛ ጣቢያ የቀረበት ገንዘብ ከበጀቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ብዙም ሳይቆይ የጽሑፍ ዜና ክፍሉ ተዘግቶ ሠራተኞች ተሰናበቱ። «መንግሥት ይክፈል እንጂ እኛ ምን ቤት ነን?» ላላችሁን ወንድሞች የምንመልሰው መንግሥት መክፈሉን አቁሟል ብለን ነው።

ሌላም ጥያቄ ይቀርብልናል። «አማርኛ ለማይናገር ጣቢያ ለምን እናዋጣ?» ይባላል። የአማርኛ ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ዛሬ በስልኩ የፈለገውን ያገኛል፤ እኛም እናያለን። ነገር ግን ለአራት ዓመት ሕፃን ማስታወቂያ ያልበዛበት፣ በመምህራን ምክር የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም በነጻ የሚሰጠው ሌላ ጣቢያ በዚህ ከተማ አናውቅም። ኢንተርኔት አለ ለሚሉንም፣ በአረጋውያን አፓርታማዎች የሚኖሩ እናቶቻችን የኢንተርኔት ሒሳብ ከምግብ ወጪያቸው ጋር ሲያመዛዝኑ በዓይናችን አይተናል።

እስካሁን የወጣውን ወጪ በተመለከተ ገንዘቡ የት ገባ እየተባለ በየዝክሩና በየሰርጉ የሚወራውን ሰምተናል፤ አዝነንበታልም። ከዚህ በፊት በነበረው ዙር ለአረጋውያን ቤት 43 አንቴናዎች ገዝተን የኮሚቴው ወጣቶች ራሳቸው በየቤቱ እየዞሩ ገጥመዋል፤ ለገጠማው ሥራ አንድ ሳንቲም አልተከፈለም። ለተሰረዘው እራት አስቀድመን የከፈልነው የአዳራሽ ቀብድ 600 ዶላር እስከ ዛሬ አልተመለሰልንም፤ በደብዳቤ ጠይቀን መልሱን እየጠበቅን ነው። የተሸጡት ትኬቶች ገንዘብ በሙሉ ለባለቤቶቹ ተመልሷል። የተዘጋጀው እንጀራና ወጥ እንዳይበላሽ በዚያው ቅዳሜ ለአረጋውያኑ ቤት ለቤት ታድሏል፤ የጥሬ ዕቃውን ወጪ የሸፈኑት ከኪሳቸው ያወጡት ሦስት የኮሚቴ አባላት ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም። ደረሰኞቹ ሁሉ በፋይል አሉ፤ ማንም አባል በእሑድ ስብሰባችን ላይ ጠይቆ ማየት ይችላል፤ እንዲያውም መጥታችሁ ብታዩልን ደስ ይለናል።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገብተዋል። ምጽዋቱም ሰደቃውም አስቀድሞ ለድኻው መሆኑን እናውቃለን፤ ከዚያ ላይ ቀንሱ አንልም። የምንለምነው በጾሙ ወራት ከሚቀረው የሥጋና የቡና ቤት ወጪ አንድ ቤተሰብ በወር 5 ዶላር ብቻ ለዚህ እንዲያውል ነው። በወር 5 ዶላር በዓመት 60 ዶላር ነው፤ የጎደለንን 11,360 ዶላር ለመሙላት ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቁ 190 ቤተሰቦች ይበቃሉ። ከተሰበሰበው ውስጥ ዘጠኝ አሥረኛው በማኅበረሰባችን ስም በቀጥታ ለጣቢያው ይገባል፤ ቀሪው አንቴና ላልደረሳቸው አረጋውያን ነው። ለኮሚቴው ሥራ ማስኬጃ የሚቀነስ ነገር የለም።

አከፋፈሉን እንደገና እናስታውሳለን። በዜል የምትልኩ፣ በአባልነት ካርዳችሁ ጀርባ ያለውን አድራሻ ብቻ ተጠቀሙ፤ ከመላካችሁ በፊት የሒሳቡ ስም በትክክል መውጣቱን ተመልከቱ። በቼክ የምትከፍሉ፣ በማስታወሻው መስመር ላይ «ለቻናል 9» ብላችሁ ጽፋችሁ እሑድ ለገንዘብ ያዢዋ በእጅ ስጧት። በጥሬ ገንዘብ የምትከፍሉ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። በስልክ ደውሎ በኮሚቴው ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከእኛ የተላከ አይደለም። ካርዳችሁ የጠፋባችሁ ደግሞ አድራሻውን ከሰው አትጠይቁ፤ እሑድ መጥታችሁ አዲስ ካርድ ውሰዱ። ገንዘቡን ለጣቢያው የምናስረክበው ከትንሣኤ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰኞ ስለሆነ፣ እስከ ሆሳዕና እሑድ ድረስ እንድታደርሱልን በትሕትና እንጠይቃለን።

የኮሚቴው ጸሐፊ
የካቲት 2018 ዓ.ም.፣ ሲያትል