ውክልና ስም ማዛወር አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ያገለገለ መኪና ከግለሰብ ስለመግዛት ያወጣችሁት ጽሑፍ የዋጋ ድርድሩን በሰፊው ቢያትትም፣ ስም ማዛወርን በአንድ መስመር አልፎታል። ገዢ የሚጎዳው ግን በብዛት እዚያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የስም ማዛወሪያውን ወጪ ሽሽት የመሸጥ የመለወጥ ውክልና ተቀብሎ ይነዳል። ውክልና ሻጩ ሲሞት ይቋረጣል፤ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) በሻጩ ስም እስካለ ድረስ አበዳሪዎቹ መኪናውን ሊያሳግዱት፣ ወራሾቹም የውርስ ንብረት ነው ሊሉ ይችላሉ።

ውል ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍም አደጋ አለው። 2 ሚሊዮን ብር ተከፍሎ 600 ሺህ የተባለበት ውል ቢፈርስ፣ ገዢው በእጁ ያለው ሰነድ የሚያስረዳለት 600 ሺሁን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ገዢና ሻጭ የመኪናው ፋይል ወዳለበት የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ አብረው ሄደው ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያጣሩ። ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ የተመታውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ የመፋቅ ወይም የብየዳ ምልክት ካለበት ግዢው ይቅር። ከዋጋው 10 በመቶው አዲሱ ሊብሬ በገዢው ስም እስኪወጣ ሳይከፈል እንደሚቆይም በውሉ ይጻፍ።