ለእናታችን ለደረሳችሁላት ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

እናታችን ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ወጥታ ቤቷ ገብታለች። እግዚአብሔር ይመስገን! በዚያ ጭንቅ ጊዜ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ በቤተሰባችን ስም ይህን እጽፋለሁ።

ሕመሙ የጀመራት በቀኝ ጎኗ ነው። ሲከብዳት፣ ሲወጋት፣ ምግብ ሲዘጋት ከረመ። አንድ ክሊኒክ "ጨጓራ ነው" ብሏት መድኃኒት ስትውጥ ቆየች። በኋላ አልትራሳውንድ ስትነሳ ጉበቷ ላይ ውኃ የቋጠረ ትልቅ እብጠት ታየ። ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም እንጂ ሁላችንም ያሰብነው ካንሰር ነበር።

ከሁሉ በፊት የማመሰግነው ሐኪሟን ነው። ቤተሰቡ "ቶሎ በመርፌ ተቀድቶ ይመርመር" ሲል፣ እሳቸው ረጋ ብለው ጠየቋት፤ "እናቴ፣ የት ነው ያደጉት? በግና ውሻ ነበራችሁ?" እማዬ የመንዝ ልጅ ናት፤ ከበግና ከውሻ ጋር ነው ያደገችው። ያኔ ሃይዳቲድ የሚባለውን በሽታ ጠረጠሩ።

በሽታውን የምታመጣው ኤኪኖኮከስ የምትባል፣ በውሻ አንጀት የምትኖር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም ትል ናት። የኮሶ ትል ዘመድ ናት። ውሻ ውኃ የቋጠረ የበግ ጉበት ወይም ሳንባ በጥሬው ሲበላ ትይዘዋለች። እንቁላሏ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በውኃ፣ በአትክልት ወደ ሰው አፍ ይገባል። ከዚያ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውኃ ቋጥሮ ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል። ያን ውኃ ያለ ጥንቃቄ መውጋት አደገኛ ነው። ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ እስከ ሞት የሚያደርስ አለርጂ ሊያስነሳ፣ ሌላ ቦታም ሊያበቅል ይችላል። ዶክተር፣ የደም ምርመራው እስኪመጣ መርፌውን ስላስቆሙልን ዕድሜ ይስጥልን!

ደሟን የወሰድሽው የላብራቶሪ ባለሙያ እህታችን፣ አንቺንም አንረሳሽም። ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ስንጠብቅ ደጋግመን ስንጠይቅሽ አልሰለቸሽም። ምርመራው ትሏን ራሷን ሳይሆን፣ ሰውነት እሷን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ እንደሚፈልግ አስረዳሽን። ኤላይዛ በሚባለው ዘዴ ታይቶ፣ አስፈላጊ ሲሆን ዌስተርን ብሎት በሚባለው ይረጋገጣል። "ኔጌቲቭ ቢሆንም በሽታው የለም ማለት አይደለም" ያልሽን ደግሞ ብዙ ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ። እብጠቱ በደንብ ከታሸገ ሰውነት ላያውቀው ይችላል፤ ሳንባ ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ሌላ የትል በሽታም ፖዘቲቭ ሊያስመስል ይችላል። ለዚህ ነው ከአልትራሳውንዱ ጋር ተገናዝቦ የሚነበበው። ውጤቱ ፖዘቲቭ መጣ። ካንሰር አለመሆኑን ስንሰማ ታላቅ እህቴ እልል አለች።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ጀመረች፤ ከዚያ በኋላም ቀጠለች። የቀዶ ሕክምና ቡድኑን፣ ሌሊቱን ያደሩላትን ነርሶች፣ ደም የለገሳችሁ የሰፈራችን ወጣቶችን፣ ምግብ ያመላለሳችሁ የዕድራችን እናቶችን፣ ከሳውዲና ከአሜሪካ የላካችሁልንን ዘመዶች ሁሉ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈል።

ደውላችሁ "ደሟ አሁንም ፖዘቲቭ ነው አሉ" ብላችሁ ለተጨነቃችሁ፦ አንቲቦዲው ሰው ከዳነ በኋላም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ሐኪሞቹ የሚከታተሏት በዋናነት በአልትራሳውንድ ነው። "ጥሬ ሥጋ እንበላለንና እኛም እንመርመር ወይ?" ላላችሁም፣ ጥሬ ሥጋ በመብላት የሚይዘው የተለመደው ኮሶ ሌላ ነው፤ እሱ የሚታየው በሰገራ ምርመራ ነው።

በመጨረሻ መንዝ ያለኸው አጎታችን። የእህትህን ነገር ከሰማህ ወዲህ፣ በእርድ ቀን ውኃ የቋጠረውን ሳንባና ጉበት ለውሻ መስጠት ትተህ ጉድጓድ ቆፍረህ መቅበር ጀመርክ፤ ጎረቤቶችህንም አሳመንክ። እማዬ ይህን ስትሰማ "እሰይ፣ ወንድሜ!" ብላ መርቃሃለች።