የመካኒካችን የዱቤ ደብተር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የሕይወት ታሪክ ዓምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ። ብዙውን ጊዜ የምታወጡት የባለሥልጣን፣ የአርቲስትና የባለሀብት ነው። ዛሬ ለአንድ መካኒክ ትንሽ ቦታ ስጡልኝ። ቤተሰባቸው ስለማይፈልግ ስማቸውን አልጠቅስም። ሰፈሩ «ጋሼ» ሲባል ማን እንደሆኑ ያውቃል።

ጋሼ መኪና ከመፍታታቸው በፊት ያዳምጡ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። የሚንኳኳው የቱ ጋ እንደሆነ በዚያ ይለዩታል። ጭስም ያነቡ ነበር። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። በነጭ ጭስ ግን አይቸኩሉም። አንዲት ጎረቤታችን «ጋስኬት (የሞተሩ ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ሞተር መውረድ አለበት» ተብላ እያለቀሰች መጣችባቸው። ጋሼ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቁ። ጭሱ ጠፋ። የራዲያተሩን ውሃ አዩ፣ አልጎደለም። ለካ ጠዋት በብርድ የሚታይ ተራ እንፋሎት ነው! «ሂጂ ልጄ፣ መኪናሽ ጤነኛ ናት» ብለው ሸኟት። ሳንቲም አልተቀበሏትም።

በታይሚንግ ቺንጋ (የፒስተንና የቫልቭን እንቅስቃሴ በሚያገጣጥመው ቀበቶ) ግን ድርድር አያውቁም። መቀየሪያ ጊዜው ካለፈ ይቆጡናል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል፣ ወጪውም ከቺንጋው ጋር አይወዳደርም። የቀየሩትን አሮጌ ዕቃ ደግሞ ጠርገው እጃችን ላይ ያስቀምጡልናል። እዩት ማለታቸው ነው።

የቤታቸውን ነገር የሰማሁት ከልጃቸው ነው። አባቷ በቱታ ቤት ገብተው አያውቁም። ጋራዡ ውስጥ ታጥበውና ልብስ ቀይረው ነው ልጆቻቸውን የሚያቅፉት። ልጆቹ ዘናጭነት ይመስላቸው ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ በወጣትነታቸው ይሠሩበት የነበረው የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ነበረበት። የአስቤስቶስ ብናኝ ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ይገባና የቤተሰብን ሳንባ ይጎዳል። ረዳቶቻቸውንም ፍሬን በኮምፕሬሰር እንዲነፉ አይፈቅዱም፤ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። ያ ሁሉ ድካም እያለባቸው ማታ ልጆቻቸውን ያስጠኑ ነበር። ክፍልፋይ ያስተማሯቸው በኢንች በሚለኩ የብሎን መፍቻ ቁልፎች ነው። 1/2 እና 9/16 ጎን ለጎን አስቀምጠው «የቱ ይበልጣል?» ይሏቸዋል። ልጅቷ ዛሬም ሒሳብ ስትሠራ ቁልፎቹ ይታዩኛል ትላለች።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። ጋሼ ዱቤ ይሰጡ ነበር፣ እንዲያውም አበዙት። ደብተራቸው ላይ የሰው ስምም ስልክም የለም። «ነጯ፣ የመምህሩ»፣ «መስታወቷ የተሰነጠቀው» እያሉ ነው የጻፉት። ጋሼ አሁን የሉም፤ ባለቤታቸው በዚህ ማንንም ሊያገኙ አይችሉም፤ ቢያገኙም የሚጠይቁ ሰው አይደሉም። ያለብን ሰዎች ግን ራሳችንን እናውቃለን። ጋራዡን የያዘው የቆየው ረዳታቸው ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ለባለቤታቸው ያደርሳል፣ ደብተሩም ላይ ይሰርዛል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ