ሚኒ ሚዲያ ክበብ፦ ዘንድሮ የድሮ ወሬ ስናወራ ከረምን

እውነቱን ልንገራችሁ፣ "የድሮ የሙዚቃ ወሬ" የሚለውን ዝግጅት ስንጀምር ሰሚ እናገኛለን ብዬ አልጠበቅኩም። አርብ አርብ በትልቁ እረፍት ነው የምናሰማው። ድምፅ ማጉያችን ደግሞ ግማሹን ቃል ትውጠዋለች። ልጆቹም ሳምቡሳ ሰልፍ ላይ ነበሩ።

ነገሩ የተቀየረው የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ላይ ስንደርስ ነው። ያኔ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር፤ ቴአትር ቤቱ ደግሞ ወጣቱ ክለብ ውስጥ የሚጨፍርበትን ሙዚቃ አያሳትምም። አምሃ ሙዚቃ ቤት የነበረው፣ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። በ1961 ዓ.ም. ሕጉን ወደ ጎን ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣው። (ወንድማማቾች አይደሉም፤ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ!) የ9ኛ ክፍሏ ዜና አንባቢያችን "ቲቸር፣ ታሰረ?" አለችኝ። አልታሰረም ስላት ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ።

በጥቂት ዓመታት 100 ያህል ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር) ሸክላ አወጣ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የማታው ጭፈራ ቀረ፣ አምሃም በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደ። እሱም ዓለማየሁም ያረፉት በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ነው። ይህን ያነበብን ቀን ሳምቡሳ ሰልፉ ጭር አለ፣ ብል ማጋነን አይደለም።

የሬዲዮው ክፍል ግን ብዙም አልሰመረልንም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወሬ አበዛሁ። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ጀመሩ ስላቸው፣ "ከዚያ በፊት ታክሲ ውስጥ ምን ይሰማ ነበር?" አሉ። ካሴት! ብዬ መለስኩ። "ካሴት እንዴት ነው?"

ስለዚህ አንዱ ተማሪ ከአያቱ ካሴት ተውሶ መጣ። ቴፑ ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ በላው። ክሩ እንደ ፓስታ ተዘረገፈ፣ አርባ ልጅ ከቦን እኔ በእስክሪብቶ ቀስ እያልኩ ጠቀለልኩት። አንዷ ቦታ ላይ ተጨማዶ ቀረ። ይቅርታ ልጠይቅ ራሴ ይዤው ሄድኩ። ሰውየው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩትና ሳቁ፦ "እሷን ቦታ እንኳ ተዋት፣ በ70ዎቹም በልቷት ነበር።"