ቀለም በኤርብራሽ ውስጥ አይደር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የአውሮፕላን፣ የመኪናና የመርከብ ሞዴሎችን በኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት እንደ ጭጋግ በሚረጭ ትንሽ የእጅ መሣሪያ፣ መቀባት ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት «ተበላሽቷል» ተብለው እጄ ከገቡት ኤርብራሾች አብዛኞቹ አንድም የተሰበረ ነገር አልነበራቸውም፤ ችግራቸው አፍንጫቸው ውስጥ ደርቆ የቀረ ቀለም ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መሣሪያውን የሚሸጡትም ሆኑ አጠቃቀሙን የሚያስተምሩት ስለ ቀለም ቅልቅልና ስለ አየር ግፊት በሰፊው እያስረዱ፣ ስለ ጽዳት ግን «ስትጨርስ ውኃ ንፋበት» ከማለት የማያልፉ መሆናቸው ስላሳዘነኝ ነው።

የኤርብራሽ አፍንጫ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰፋል። በዚህች ቀዳዳ ውስጥ ጫፏ እጅግ የሾለ መርፌ ትቀመጣለች፤ በተለመደው ባለ ሁለት ተግባር ኤርብራሽ መጫኛው ወደ ታች ሲጫኑት አየር ይለቃል፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ደግሞ መርፌዋ ከቀዳዳው ትሸሽና ለቀለሙ መንገድ ትከፍታለች። በመካከላቸው ጥቂት የደረቀ ቀለም ከተቀመጠ መርፌዋ ቀዳዳውን በሚገባ መዝጋት ያቅታታል፤ ቀለሙም እንደ ጭጋግ መውጣቱን ትቶ እየተፋ ይወጣል። አክሪሊክ ቀለም ደግሞ በሚነፍሰው አየር የተነሳ ገና እየቀባን ሳለ በመርፌዋ ጫፍ ላይ ስለሚደርቅ፣ በየመሐሉ ጫፏን በማጽጃ ፈሳሽ በረጠበ ጥጥ መጥረግ ከሥራው ሊለይ አይገባም።

ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ለመሻገር የቀረውን ደፍቶ ቀለሙ የሚጨመርበትን ጽዋ መጥረግና ጥርት ያለ ፈሳሽ እስኪወጣ ድረስ ማጽጃ መንፋት ይበቃል። ብረት መሰል ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን በውስጡ ያሉት የሚያብረቀርቁ ፍንጣሪዎች በቀላሉ ስለማይወጡ መሣሪያውን ፈትቶ ማጠብ ይሻላል። የዕለቱ ሥራ ሲያበቃም እንዲሁ መፈታት አለበት ባይ ነኝ። ማጽጃው ከቀለሙ ዓይነት ጋር ሊስማማ ይገባል፦ ለላከር የላከር ቲነር፣ ለኢናሜል የኢናሜል ማቅጠኛ፣ በውኃ ለሚቀጥን አክሪሊክ ደግሞ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ለእርሱ የተዘጋጀ ማጽጃ። አንዳንድ የውኃ አክሪሊኮች አልኮል በቀጥታ ሲነካቸው እንደ እርጎ ስለሚረጉ፣ ውኃውን ሳያስቀድሙ አልኮል ያፈሰሱ ሰዎች አፍንጫውን ያጸዱ እየመሰላቸው ይደፍኑታል።

አፈታቱም ሥርዓት አለው። ጽዋው ሳይጸዳ መርፌዋን ወደ ኋላ መሳብ ቀለሙን ወደ ጎሚኒው (ቀለም ወደ ኋላ እንዳያልፍ ወደሚያግደው ቀለበት) እና ወደ መጫኛው ክፍል ይጎትተዋል፤ በማግስቱ መጫኛው ከብዶ አልመለስ የሚለውም ከዚህ የተነሳ ነው። መርፌዋ ከወጣች በኋላ የብሎን ጥርሱ እጅግ ስስ የሆነው አፍንጫ ይፈታል፤ ሲገጠም ደግሞ አፍንጫው ይቀድምና መርፌዋ ቀስ ብላ እስክትነካው ድረስ ትገባለች። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ዘመን «አየር እንዳያፈስ ጠበቅ አድርገው» የሚል ምክር ሰምቼ አፍንጫውን በኪያቤ ስጨምቀው ጥርሱ ተቆርጦ በመሣሪያው አካል ውስጥ ቀርቷል። ያን ጊዜ የሚያስተምረኝ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ገጥሞ የመቆም ስሜቱን ብቻ በጣቴ እንድጠብቅ ይነግረኝ ነበር። በቀዳዳው ውስጥ ሽቦ ወይም የስፌት መርፌ መክተትም አፉን ያሰፋዋል፤ ማጽጃ ውስጥ ጥቂት ማቆየትና ለዚሁ በተሠራ ለስላሳ ብሩሽ ከኋላ በኩል መጥረግ ይበቃል።

ኤርብራሹን እንዳለ ቲነር ውስጥ ዘፍዝፎ የማሳደር ልማድ ደግሞ እጅግ ያሳስበኛል፤ ብረቱ ቢችለው እንኳ የጎማ ጎሚኒዎቹ አብጠው ቅርጻቸውን ያጣሉ። አሞንያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ቢሆን ክሮሙ በተላጠበት ቦታ ሥር ያለውን ናስ ስለሚበላ፣ የተጠቀመ ሰው ወዲያው በውኃ ማለቅለቅ አለበት፤ ከበረኪና ጋር መቀላቀል ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይሞከርም።

መሣሪያው ራሱ ሕመሙን ይናገራል። ጽዋው ውስጥ አረፋ ከተነሳ አፍንጫው ተደፍኗል፣ በሚገባ አልተገጠመም ወይም ተሰንጥቋል። ቀለሙ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የመርፌዋ ጫፍ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ በሶፍት ላይ እያዞሩ ወደ ኋላ ሲስቧት የምትቧጥጥ ከሆነ ጥርጣሬው እውነት ነው። ቀለሙ መሐል ውኃ ጠብ ካለ ደግሞ ጥፋቱ የኤርብራሹ ሳይሆን አየር የሚያቀርብለት የኮምፕሬሰሩ ነውና የእርጥበት ማጣሪያውና የአየር ታንኩ ይፍሰሱ። ቅባት ሲያስፈልግ ለኤርብራሽ የተሠራው አንድ ጠብታ በመርፌዋ ግንድና በመጫኛው ላይ ይበቃል፤ ሲሊኮን ያለበት ዘይት ቀለሙ ሞዴሉ ላይ እንዳይያዝ ያደርጋልና አይመከርም።

ጽዳቱ ከቅቡ ያላነሰ ጭስ እንዳለውም አይዘነጋ። ቲነር ወደ ክፍሉ አየር ከመንፋት ይልቅ ክዳን ወዳለው ማሰሮ መንፋት፣ መስኮት መክፈትና ለኬሚካል ትነት የተሠራ ጭምብል ማድረግ ያስፈልጋል፤ የአቧራ ጭምብል ትነቱን አያግደውም።

ስለዚህ መሣሪያውን ለሚሸጡና ለሚያስተምሩ ሁሉ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ጀማሪው የመጀመሪያውን ጠብታ ቀለም ጽዋው ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ደረቁን ኤርብራሽ ሦስት አራት ጊዜ በእጁ ይፍታ፣ ይግጠም። ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞዴል ቀቢ