ትንፋሽ ሳይሆን መሪ እግር ነው የሚጠፋው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በስፖርትና ጤና ገጻችሁ ስለ ቤት ውስጥ እንቅስቃሴ የሚወጡትን ጽሑፎች እንከታተላለን። በሙዚቃ እየታገዘ ዝቅተኛ ሳጥን ላይ የሚወጣበትና የሚወረድበት ስቴፕ ኤሮቢክስ ሲነሳ ግን ምክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሳጥን አዘጋጁ፣ ቪዲዮ ክፈቱ፣ ተከተሉ። ወጣ ወረድ የሚለውን ቀላሉን ስቴፕ በዚህ መንገድ መልመድ ይቻላል። ዙር፣ ማምቦና ቻቻ የሚባሉ እርምጃዎች የተቀላቀሉበትን ከባዱን ኮሪዮግራፊ (የእርምጃ ቅንብር) በዚህ መንገድ የሚጀምር ሰው ግን ብዙም ሳይቆይ ሳጥኑን አልጋ ሥር ይከተዋል። አቅም አጥቶ አይደለም። ጠዋት ጠዋት እዚህ ሐዋሳ ታቦር ተራራን ሳያርፍ የሚወጣ ወጣትም እግሩ ይምታታበታል። የሚያስቸግረው ሂሳቡ ስለሆነ በዚህ ደብዳቤ ሂሳቡን እንጽፋለን።

የስቴፕ ሙዚቃ ስምንት ስምንት እየተባለ ይቆጠራል። አራት ስምንት፣ ማለትም 32 ምት፣ አንድ ብሎክ ነው። ሙዚቃው በደቂቃ 128 ምት ካለው አንድ ብሎክ 15 ሰከንድ ይፈጃል፤ በቀኝም በግራም ሲሠራ 30 ሰከንድ። አራት ብሎክ ያለው ሙሉ ኮሪዮግራፊ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው ማለት ነው። የሚሸመደደው እንግዲህ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። አስቸጋሪው በእያንዳንዱ እርምጃ መጨረሻ ላይ የትኛው እግር ነጻ ሆኖ እንደሚጠብቅ ማወቅ ነው።

እርምጃዎቹን ስናስተምር መሪውን እግር የማይለውጡትን ያዥ፣ የሚለውጡትን ቀያሪ ብለን እንከፍላቸዋለን። ቤዚክ ያዥ ነው፤ ቀኝ ይወጣል፣ ግራ ይወጣል፣ ቀኝ ይወርዳል፣ ግራ ይወርዳል፤ አራቱ ምት ሲያልቅ ቀጣዩን የሚመራው አሁንም ቀኝ ነው። ሳጥኑ ላይ እግር ተራርቆ በቪ ፊደል ቅርጽ የሚረገጥበት ቪ ስቴፕም እንደዚያው። ጉልበት ማንሳት ግን ቀያሪ ነው፤ ቀኝ ይወጣል፣ የግራ ጉልበት ይነሳል፣ ግራ ይወርዳል፣ ቀኝ ይወርዳል፣ ቀጥሎ የሚመራው ግራ ይሆናል። በስምንት ምት ውስጥ አንዱ ጉልበት ሦስት ጊዜ የሚነሳበት ሪፒተርም ቀያሪ ነው። መሪው እግር ወደፊት ረግጦ ወደ ኋላ የሚመለስበት ማምቦ ብቻውን በአራት ምት ሲሠራ ያዥ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ምቶች ቻቻ ከሆኑ፣ ማለትም በሁለት ምት ውስጥ ሦስት ፈጣን እርምጃ ከገባ፣ ያው ማምቦ ቀያሪ ይሆናል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከቻቻው ሦስት እርምጃ አንዷን ይዘላትና እግሩ ሳይቀየር ያልፋል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ግን ሁለት እርምጃ ቆይቶ ስለሆነ ጥፋቱን በሌላው ላይ ይፈልጋል፤ ደህና የሆነውን ቪ ስቴፕ ደጋግሞ ሲለማመድ ይውላል።

ይህን ብሎክ በቀኝ እንጀምር። ከ1 እስከ 8 ሪፒተር። ከ9 እስከ 12 በግራ ቤዚክ፣ ከ13 እስከ 16 በግራ ጉልበት ማንሳት። ከ17 እስከ 20 በቀኝ ማምቦ ቻቻ፣ ከ21 እስከ 24 በግራ ማምቦ ቻቻ። ከ25 እስከ 28 በቀኝ ቪ ስቴፕ፣ ከ29 እስከ 32 በቀኝ ጉልበት ማንሳት። ቀያሪዎቹ ሪፒተሩ፣ ሁለቱ ጉልበቶችና ሁለቱ ማምቦ ቻቻዎች ናቸው፤ በድምሩ 5። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ ብሎኩ ሲያልቅ ግራ እግር ነጻ ነው፤ ያንኑ ብሎክ ያለ ምንም ማስተካከያ በግራ መድገም ይቻላል። ቀያሪዎቹ 4 ወይም 6 ቢሆኑ ኖሮ እንደገና በቀኝ ይጀምር ነበር። አዲስ ኮሪዮግራፊ የያዘ ሰው ጫማውን ከማሰሩ በፊት እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ ይህን ይቁጠር። አሰልጣኟ በቪዲዮው ላይ ብሎኩን በሌላኛው እግር ስትደግም የእሱ ድምር ተጋማሽ ከመጣ አንድ እርምጃ አምልጦታል፤ ያመለጠችውም ብዙ ጊዜ ቻቻ ናት፣ አለዚያም ክብደት ሳይጣልባት በጣት ብቻ የተነካች እርምጃ።

ከባድ ኮሪዮግራፊ ሲወለድ ከባድ አልነበረም። ከላይ ያሉት ሁለት ማምቦ ቻቻዎች ሲጀመር ሁለት ተራ ጉልበት ማንሳት ነበሩ፤ ቪ ስቴፑም ቤዚክ ነበር። ደንቡ ያዥን በያዥ፣ ቀያሪን በቀያሪ፣ አራት ምትን በአራት ምት መተካት ነው። ቪ ስቴፑን ወደ ዙር ለማሳደግ ቀኝ እግር ሳጥኑ ላይ ይረግጣል፣ ሰውነት በግራ በኩል ግማሽ ዙር ዞሮ ክብደቱ ወለል ላይ ወዳለው ግራ እግር ይመለሳል፣ ጀርባ ለሳጥኑ እንደተሰጠ ቀኝ ወደፊት ይረግጣል፣ በዚያው በግራ በኩል ሌላ ግማሽ ዙር ተዙሮ ፊት ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። አራት ምት፣ ያዥ። ስለዚህ ቪ ስቴፕ በነበረበት ቦታ ይገባል፤ የቀረው ብሎክ አይነካም። ለማጁ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን መደረብ የለበትም። መጀመሪያ መሠረቱ፣ ቀጥሎ ዙሩ፣ ከዚያ እንደ ቻቻ ያለው የምት ለውጥ፣ እጅ በመጨረሻ። እጅን ከመጀመሪያው የሚያወዛውዝ ሰው እግሩን አይማርም፤ በዚህ ጉዳይ ከአንዳንድ የሙያ ባልደረቦቻችን ጋር አንስማማም፣ እኛ ግን እጅን ወገብ ላይ አስቀምጦ መማርን እንመርጣለን።

የመጀመሪያው ልምምድ ያለ ሳጥን ይሁን። ወለሉ ላይ በኖራ ወይም በወረቀት ፕላስተር 110 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ማስመር ይበቃል። ስህተት የሚበዛው በዚህ ወቅት ስለሆነ የሚደናቀፉበት ነገር ባይኖር ይሻላል። አራቱን ስምንቶች ከመጨረሻው ወደ ፊት መያዝም ከተለመደው መንገድ ይበልጣል፤ አራተኛውን ስምንት መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን ከአራተኛው ጋር፣ እንዲህ እያሉ ወደ አንደኛው መመለስ ነው። ከፊት ጀምሮ የሚማር ሰው መግቢያውን አብዝቶ ሲደጋግም መጨረሻው ሁልጊዜ ስስ ይሆንበታል፤ ከኋላ የተማረ ሰው ግን እየገፋ ሲሄድ የሚደርሰው ወደሚያውቀው ነው። ከስምንቶቹ ይልቅ መጋጠሚያዎቹ ይከብዳሉ። ስለዚህ የአንዱን የመጨረሻ አራት ምትና የቀጣዩን የመጀመሪያ አራት ምት ነጥሎ ማለማመድ ያስፈልጋል። አፍም ይሥራ፤ የቀጣዩ እርምጃ ስም ያለው እርምጃ ሳያልቅ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ምቶች ላይ፣ ጮክ ተብሎ ይጠራ።

ቪዲዮን በተመለከተ፣ አሰልጣኝዋ ፊቷን ወደ ካሜራ ካዞረች በመስታወት መንገድ እያሠራች ሊሆን ይችላል፤ «ቀኝ» ስትል የምታነሳው የራሷን ግራ ነው። ሁሉም ግን እንዲህ አያደርጉም። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዋ እርምጃ በስክሪኑ ቀኝ በኩል ከታየች በቀኝ መጀመር፣ በግራ በኩል ከታየች በግራ። ጀርባዋን ሰጥታ ለምታሠራውም ይኸው ይሠራል። በዙር ጊዜ ለማጁ ስልኩን ትቶ ግድግዳ ስለሚያይ መከተል የሚባል ነገር የለም፤ ዙሩ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ግራና ቀኝ ከማለት ይልቅ የክፍሉን አራት ጎን በር፣ መስኮት፣ ስልክ፣ ቁምሳጥን ብሎ መሰየምና «በበር በኩል ዞሬ ስልክ» ማለት እጅግ ይረዳል። የዩቲዩብ ፍጥነት ወደ 0.75 ሲወርድ 128 የነበረው ምት 96 ይሆናል፤ ብሎኩም ከ15 ወደ 20 ሰከንድ ይረዝማል። ለእግር አያያዝ ይህ ጥሩ ነው። ለዙር ግን ከዚህ በታች አይወረድ፤ በጣም በዝግታ የሚዞር ሰው ሚዛኑን ያጣል። ኔትወርክ በየመሃሉ እየቆመ ቆጠራውን እንዳያበላሽ ቪዲዮውን አስቀድሞ ማውረድ ይመከራል።

አሁን ወደ ሳጥኑ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ይህን ስፖርት ያስተዋወቀችው አሜሪካዊቷ ጂን ሚለር ወደ ስቴፕ የመጣችው የተጎዳ ጉልበቷን ለማጠናከር ነበር። ዛሬ ቤት ውስጥ ጉልበት የሚጎዳው በአብዛኛው በከፍታው ነው። የለስላሳ ወይም የቢራ ሳጥን ገልብጦ መጠቀም በየሰፈሩ እናያለን። ከፍታው ይበዛል፣ ወርዱ ሙሉ የእግር ጫማ አይችልም፣ ሁለቱን ያገናኙ ደግሞ መሃል ላይ ክፍተት ይተዋሉ። በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ያለው የሲሚንቶ ጠርዝም ለወጣ ወረድ ይሆናል እንጂ በላዩ ተሻግሮ ለሚወረድበት ኮሪዮግራፊ አያገለግልም። አናጢ ዘንድ ማሠራት ይሻላል። ርዝመቱ 110፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር፤ ላዩ 18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ፣ ሥሩ የሞራሌ ክፈፍ፣ መሃል ላይ እንዳይረግብ ሁለት ተሻጋሪ። በምስማር ሳይሆን በቪቴ ይታሰር፤ ምስማር በምት ብዛት እየወጣ ይመጣል። የታችኛው ክፈፍ ከላይኛው ጠርዝ ወደ ውስጥ ከገባ ጫፉ ሲረገጥ ሳጥኑ ይገለበጣል፤ ስለዚህ እኩል ይሁን። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ እንዳይንሸራተት ከሥሩ በአራቱም ማዕዘን ጎማ ይለጠፍ። ላዩ ላይ ምንጣፍ አንፈልግም፤ ይሸበሸባል። ሸካራ ጎማ በሙጫ ተለጥፎ ዙሪያውን ቢመታ ይበቃል።

ኮሪዮግራፊው በ10 ሳንቲ ሜትር ያለ ስህተት ከተሠራ በኋላ 15 መሞከር ይቻላል። 20 ዙር ለበዛበት አይመከርም። ሳጥኑ ላይ የወጣው እግር ጉልበት ክብደት ሲቀበል ከ90 ዲግሪ በላይ ከታጠፈ ከፍታው በዝቷል። ሲወጣ ተረከዝ ጭምር ሙሉ እግር ይረፍ፤ ሲወረድ ጣት ይቅደም፣ ተረከዝ ይከተል፣ ከሳጥኑም ከአንድ ጫማ ርዝመት በላይ አይራቅ። ተረከዙን ሳያሳርፍ የሚወርድ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ባቱን፣ ቆይቶ የተረከዝ ጅማቱን ይታመማል። በዙር ላይ ጉልበት የሚጣመመው ክብደት የተሸከመው እግር እንደተተከለ ሰውነት ሲዞር ነው፤ ተረከዙ ቀለል ብሎ በጣቶች ሥር ባለው የእግር ክፍል ላይ ይዞር። መሬት የሚነክስ ጥርስ ያለው የሩጫ ጫማ ለዚህ አይሆንም፣ በካልሲ መሥራትም ሊሾ ላይ አደገኛ ነው። በአንድ እግር በተከታታይ ከ5 በላይ ጉልበት ማንሳትና በአንድ መሪ እግር ከአንድ ደቂቃ በላይ መቆየትም መቅረት አለበት።

ሙዚቃውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ችክችካ ምት ያላቸው ዘፈኖቻችን በሦስት በሦስት ስለሚከፋፈሉ፣ በሁለት ለሚከፈለው ቻቻ ቦታ የላቸውም፤ እግር ወደ ዘፈኑ፣ ቆጠራ ወደ ሌላ ይሄዳል። ለእስክስታ የተባረከ ምት ነው፣ ለማምቦ ቻቻ አይደለም። አማርኛ ዘፈን የሚፈልግ በአራት የሚቆጠር ይምረጥና ይፈትነው። ከስንኙ መጀመሪያ አራት ጊዜ ስምንት ቆጥሮ አዲሱ ስንኝ በአዲሱ «አንድ» ላይ ከጀመረ ይሆናል፤ ሁለት ወይም አራት ምት ከተረፈ ወይም ከጎደለ ብሎኩ ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም። ፍጥነቱን ለማወቅ በ15 ሰከንድ ውስጥ ያለውን ምት ቆጥሮ በ4 ማባዛት ነው። ለመማሪያ ከ118 እስከ 122፣ ለሸመደደ ሰው እስከ 128። ከፍታና ፍጥነት በአንድ ጊዜ አይጨመሩ፤ ሳጥኑ ወደ 15 ከወጣ ሙዚቃው ለጊዜው ወደ 120 ይመለስ።

አዘጋጆቹን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። ወደፊት የስቴፕ እንቅስቃሴ ስታትሙ ከፎቶው ሥር ለእያንዳንዱ እርምጃ ሦስት ነገር ጻፉልን፤ ስንት ምት እንደሚወስድ፣ በየትኛው እግር እንደሚጀምር፣ ያዥ ይሁን ቀያሪ። ቦታ ከጠበበ ፎቶው ይቀነስ።

የስቴፕ ኤሮቢክስ አሰልጣኞች
ከሐዋሳ